ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረ ቆጣሪ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለጩጬዬ፤

ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶሽም ጩጬ ነው የምልሽ፤ ካልተስማማሽ ክሰሺኝ። ፈጣሪ ጤና፣ ዕድሜና ደግ አለቃ ይስጥሽ። ያለሽበት ቤት አይቀዝቅዝብሽ። እኔ ተመስገን አለሁ፤ የስፌት መኪናዬም አለች። ሁለታችንም ትንሽ እንንቋቋለን እንጂ ሥራችንን እንሠራለን።

"ለምን ስልክ አያነሱም" ብለሽ ባለ ሱቁን ጠይቀሽው ነበር አሉ። በስልክ ድምፄን ትሰሚና የሌለብኝን በሽታ ሁሉ ታገኚብኛለሽ። በደብዳቤ ግን የምፈልገውን ብቻ ነው የምነግርሽ። ስለዚህ ጻፊልኝ። ባለ ሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ የእኔን ፖስታ ቤት ያደርሳል፣ ያንቺንም ያመጣልኛል።

ሕክምናው አለቀ። ጡቴን በሚያዝያ ቆረጡት፣ ከዚያ ያንን ኬሞ የሚሉትን ስድስት ጊዜ ሰጡኝ። ፀጉሬ ሄዶ ነበር፣ አሁን ብቅ ብቅ እያለ ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ አንድ ጥናት ጀምሯል። ካንሰር ታክመው የጨረሱ ሴቶች በየቀኑ በእግራቸው ቢሄዱ ይበረታሉ ወይ፣ በሽታውስ እንዳይመለስ ይረዳል ወይ የሚል ነው። መቶ አርባ ሴቶች ነን። ግማሹ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፣ ግማሹ እንደ ልማዱ ይኖራል። ዕጣ ሲወጣ እኔ ከሚሄዱት ወገን ወደቅኩ።

ጥናቱን የያዘችው ልጅ ቀጭን፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ናት። ኮሪደሩ ላይ ሜትር ዘርግታ በስድስት ደቂቃ ስንት እንደምንሄድ ትለካለች። ስሟን ስለረሳሁት ባለ ሜትሯ ብያታለሁ። እኔም ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አርባ ዓመት የኖርኩ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ወዲያው ተዋደድን። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ሄድኩላት፣ መሃል ላይ አንዴ ወንበር ላይ አርፌ። ከዚያ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ሰጠችኝ። በቀዶ ጥገናው በኩል ያለው እጄ ያብጣል፣ በሌላው ደግሞ መቀስ እይዝበታለሁ። ስለዚህ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰረችልኝ። ስድስት ወር እዚያው ይኖራል።

ሰፋ ያለ ሻርፕ ካገኘሽ ላኪልኝ። ከትከሻ እስከ ወገብ የሚወርድ ይሁን።

አክስትሽ


ጥቅምት 23

ለምወድዎት አክስቴ፣ ለእቴቴ፤

ሰላምታዬ ከበርዎ ሳይመለስ ይድረስዎት፤ ጉልበትዎ ይጽና፣ ዓይንዎ መርፌ ከማስገባት አይስነፍ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም አልቀዘቀዘም፣ አለቃዬም ደግ ናት፤ ምርቃትዎ ቀድሞኝ ነው የደረሰው።

ሕክምናው ማለቁን ሳነብ ደብዳቤውን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሻይ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። በጥናቱ ውስጥ መግባትዎ ደግሞ እጅግ ደስ አሰኘኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚታወቀው እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ታግሠው ሲለኩ ብቻ ነው።

እስቲ ይንገሩኝ፤ በየት በኩል ነው የሚሄዱት? በገበያው ወይስ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል? ከማን ጋር? ጥሩ የመሄጃ ጫማ ልልክልዎት እፈልጋለሁ። ቁጥርዎን ይጻፉልኝ። ሻርፑን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

የእኔ ሥራ ያው ነው፤ ለሐኪሞች ናሙና እሰበስባለሁ፣ ቫይረስ እንከታተላለን። የሰፉልኝን ነጭ ጋዎን ሰው ሁሉ ያደንቀዋል።

ጩጬዎ


ኅዳር 12

ለጩጬዬ፣ የምትረግጪው ሁሉ ለምለም ይሁንልሽ፤

ሻርፑ ደርሶኛል። ጨርቁን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጥሩ ነው፣ ጠርዙን ግን የሰፋው ሰው ችኩል ነበር። ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት።

አሁን ጉድ ስሚ። ትናንት ባለ ሜትሯ ደወለች። የሆስፒታል ስልክ ነው ብዬ አነሳሁት፣ አትቀየሚኝ። ለካ ሰዓቱ በራሱ ቁጥሩን ይልክላታል። "እማማ፣ በቀን ሃያ አንድ ሺህ እርምጃ ነው የሚሄዱት፤ ከሁሉም ሴቶች አንደኛ ነዎት" አለችኝ። እኔ ምን ልበላት፣ "እግሬ ሥራ ይወዳል" አልኳት። ውሸት አይደለም። በቀጠሮዬ ቀን ነርሶቹ ሁሉ አንድ በአንድ እየመጡ አዩኝ። አንዷ "ምስጢሩ ምንድን ነው" አለችኝ። "ማልዶ መጀመር" አልኳት።

የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወስጃለሁ፤ ሁለት መቶ ሱሪ። መኪናዬ ከጠዋት እስከ ማታ አላረፈችም።

ጫማውን ተይው፤ ያለኝንም አልጨረስኩ። ይልቅ የወንበር ትራስ ላኪልኝ፣ ስፖንጁ ወፈር ያለ። መቀመጫዬ አለቀ።

አክስትሽ፣ አንደኛዋ


ታኅሣሥ 1

ለእቴቴ፤

ደስታ ከደጅዎ፣ ሳቅ ከአፍዎ አይጥፋ። ትራሱን ገዝቼ ልኬያለሁ፤ የሱቁ ሴትዮ "ለማን ነው" ስትለኝ "በቀን ሃያ አንድ ሺህ እርምጃ ለምትሄድ አክስቴ" ብያት ግራ ገብቷት ነው የጠቀለለችልኝ።

እኔንም ግራ ገብቶኛል። ሃያ አንድ ሺህ እርምጃ ማለት ከሦስት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት መሄድ ነው። እዚህ ሰፈር ደብዳቤ የሚያድለውን ሰውዬ አስቁሜ ጠየቅኩት። እሱ አሥራ ስምንት ሺህ ነው የሚሄደው፣ በዓመትም ሦስት ጫማ ይጨርሳል። እርስዎ ከእሱ በልጠው ይሄዳሉ፣ ጫማዎ ግን ደህና ነው። የሚያልቀው መቀመጫዎ ነው።

በየት በኩል እንደሚሄዱ ጠይቄዎት ነበር። ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ባለ ሜትሯ በየሰዓቱ የተቆጠረውን በወረቀት ብትሰጥዎት የአንድ ሳምንቱን ገልብጠው ይላኩልኝ፤ ቁጥር ማየት እወዳለሁ።

እኛ ጋ አንድ የሳል ቫይረስ እየወጣ ነው። ቫይረስ ስቆጥር እውላለሁ፣ ቫይረስ ስቆጥር አድራለሁ። እርስዎም ከሚያስል ሰው ራቅ ይበሉ።

ጩጬዎ


ጥር 5

ለጩጬ፤

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። ከአንድ ወር በላይ ዘገየሁ፤ ሁለት መቶው ሱሪ ነው። ደግሞ ዚፑ ሁሉ አጭር ሆኖ መጣ።

የሦስት ወሩ ልኬታ ደርሶ የሆስፒታሉ መኪና መጥታ ወሰደችኝ። ባለ ሜትሯ ሁለት ነርሶች ጠርታ ነበር፣ አንደኛዋን ሊያዩ። ሰዓቷን ተጫነችና "ይጀምሩ" አለችኝ። ኮሪደሩ መሃል ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ሜትር። ከመጀመሪያውም አነሰ።

ልጅቷ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ሜትሯን አውጥታ ተንበርክካ ኮሪደሩን እንደገና ለካችው። ኮሪደሩ ያው ነው። "ወለሉ ያንሸራትታል" አልኳት። ወለሉን በእጇ ዳበሰችው። እንዲህ ያለች የዋህ ልጅ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ቁጭ ብላ "በሚያዝያ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ የእርስዎን ነገር ለብቻው እጽፈዋለሁ" አለችኝ። "ከሁሉም አብልጣ የሄደችው ሴት ካልበረታች፣ መሄድ እንዳሰብነው አይጠቅም ይሆናል ማለት ነው።" ሻይ አመጣችልኝ፣ እሱን ጠጥቼ ወጣሁ።

ያልሽውን ወረቀት ገልብጬ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ትራሱ ደርሷል፣ አመሰግናለሁ። ሌላ የምፈልገው የለም።

አክስትሽ


ጥር 22

ለእቴቴ፣ እንደ እናት ላሳደጉኝ፤

ይህን ደብዳቤ ከማንበብዎ በፊት ይቀመጡ ልልዎት ነበር፤ ግን እንደተቀመጡ አውቃለሁ።

ወረቀቱን አየሁት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እርምጃው አያቋርጥም። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ፣ ዜሮ። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት እንደገና። እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አርባ ሁለት እርምጃ። እቴቴ፣ እሑድ እሑድ እግር የለዎትም? መኪናዎን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ከሥሯ ተኝቼ መርገጫው ላይ እግርዎ ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ ነው ያደግኩት። ቁርጭምጭሚትዎ ላይ የታሰረው ሰዓት የሚቆጥረው እሱን ነው። እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል።

አልተቆጣሁም፤ ስደርስበት ብቻዬን ስቄ ስቄ ጎረቤቴ ግድግዳውን መታች። ግን ባለ ሜትሯ ኮሪደር ላይ ተንበርክካ ስትለካ ታየችኝና ሳቄ ቆመ። ያንን ወረቀት ይዛ ሐኪሞች ፊት ከቆመች፣ የማናውቃቸው ስንት ሴቶች "መሄድ አይጠቅምም" ተብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ።

እኔም ልናዘዝ። እርስዎም ሆኑ አባዬ ከሐኪም ጎን ቆሜ የምሠራ ነው የሚመስላችሁ። የምሠራው ከፍሳሽ ነው። ጠዋት ጠዋት የጎማ ቦቲ አጥልቄ፣ የመንገድ ጉድጓድ ክዳን አስነሥቼ፣ የሰፈሩን ሽንት ቤት ውኃ በጠርሙስ እቀዳለሁ። ሰው ሳል ሳይጀምረው ቫይረሱ እዚያ ውስጥ ይታያል፤ በየትኛው ሰፈር እየጨመረ እንደሆነ ቀድመን እናውቃለን። ነጩ ጋዎንዎ አንድ ቀንም አልተለበሰም። በር ጀርባ ተሰቅሏል። አፍሬ ነው የዋሸሁት።

ባለፈው ዓመት በሁለት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን የሰፈር ስም አቀያየርኩ። ቫይረሱ የጨመረው በሆስፒታሉ መንገድ ሆኖ ሳለ በአረጋውያን መኖሪያው በኩል ነው ተባለ። መኖሪያውን ለጠያቂ ዘጉት። አንዲት ሴት አባቷን ልትጠይቅ ከሩቅ አገር መጥታ በመስኮት እጇን አውለብልባ ተመለሰች። እኔ ስህተቴን ያወቅኩት በዚያው ቀን ማታ ነው፣ የተናገርኩት ግን በሦስተኛው ቀን። ስነግራት አለቃዬ አልጮኸችም፤ ከዚያ ወዲህ የየሰፈሩ ጠርሙስ ክዳን በቀለም ተለየ፣ እኔም አሁንም እዚያው አለሁ።

ለባለ ሜትሯ ይንገሯት። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ፤ ከቤት ከወጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?

ጩጬዎ


የካቲት 26

ለእቴቴ፤

ከጻፍኩልዎት አንድ ወር አለፈ። ባለ ሱቁ ጋ ደውዬ "ደህና ናቸው፣ መብራታቸው ይበራል" አለኝ። መብራቱ ብቻ አልበቃኝም። ተቀይመውኝ ከሆነ ተቀይሜሻለሁ ብለው ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። አፌ ቀድሞኝ ይሆናል፤ እርስዎን የማጣው ግን በአፌ ምክንያት አይሁን።

ጩጬዎ


መጋቢት 1

ለጩጬዬ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ጉድጓዱም አይክፋብሽ፤

ተቀይሜሽ ነበር። አሥር ቀን ሙሉ ተቀየምኩሽ፣ ከዚያ ሰለቸኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ደግሞ ሥራ ይዤ ነው፤ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ላይ ማታለል አልነበረም። ሰዓቱን አስሬ ለመስፋት ተቀመጥኩ፣ ቁጥሩ ሲሮጥ አየሁት። እግር ነው፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ቆጠረ። "ታዲያ ይህስ ሥራ አይደል" አልኩ። ከዚያ ልጅቷ አንደኛ ነዎት አለችኝ። ጩጬ፣ በዚያ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አንደኛ ነሽ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሁሉም "አይዞሽ" ነበር የሚለኝ። እውነቱን ሳልነግራት ስልኩን ዘጋሁ።

ከቤት ከወጣሁ አሥር ወር ሆኖኝ ነበር፤ በሆስፒታል መኪና ካልሆነ በቀር። ሰውን ሁሉ በዓይኔ እንደምለካ ታውቂያለሽ። አንዱ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ አንዷ ዳሌዋ ያዘነበለ፣ ገና ከበር ሲገቡ አውቀዋለሁ። ተቆርጬ ስወጣ መንገደኛው ሁሉ የእኔን ዓይን የያዘ መሰለኝ። በአንድ በኩል ሙሉ፣ በአንድ በኩል ሜዳ። አርባ ዓመት የሰውን ልብስ እኩል አድርጌ ስሰፋ ኖሬ፣ የራሴ ቀሚስ በአንድ ጎን ተንጠለጠለብኝ። ሻርፑንም የፈለግኩት ለዚያ ነው። አፈርኩ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ደብዳቤሽ ሲመጣ በንዴት ትራስሽን ወረወርኩት። ከዚያ ብድግ አድርጌ ጨመቅ ጨመቅ ሳደርገው አንድ ነገር ታሰበኝ። በመቀስ ቀደድኩት። የቀረውን ጡቴን በሜትር ለክቼ ስፖንጁን በልኩ ቆረጥኩና በጥጥ ጨርቅ ለበጥኩት። ሦስት ጊዜ ሰፍቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ስፖንጅ ቀላል ነው፣ እጅሽን ስታነሺ ሽቅብ ይወጣል። በመጨረሻ መጋረጃ እንዳይነፍስ ጫፉ ላይ የምንሰፋቸውን ትንንሽ ብረቶች ከውስጥ ጨመርኩበት። ቁጭ አለ። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ መስተዋት ፊት ቆምኩ። እኩል ነው። እየዞርኩ ባየውም እኩል ነው።

ማክሰኞ ዕለት በእግሬ ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አረፍኩ፤ አንዴ ጎማ ጠጋኙ ወንበር ላይ። ማንም አላየኝም፤ ያየኝም ሰላም አለኝ። ባለ ሜትሯን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ እግሬን እያንቀሳቀስኩ አሳየኋት። ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፣ ስትስቅ ነው። ከዚያ ግን መሳቋን ትታ "ያንን የእርስዎን ወረቀት ይዤ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ" አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። የአራት ወር ተኩሉን የእርምጃ ቁጥር እኔ ፊት ሰረዘችው። ከጥናቱ ግን አላወጣችኝም፤ የኮሪደሩ ልኬት ትክክል ስለሆነ እንደነበረው ይቆያል፣ ስህተቱም በጽሑፍ ይገባል አለች። ሌሎቹን ሴቶችም ደውላ ጠየቀች። አንዷ ውሻዋ አንገት ላይ አስራው ተገኘች። እኔ ቢያንስ የራሴ እግር ነው።

ስለ ሥራሽ አልተቀየምኩም። እኔም የሰው የቆሸሸ ሱሪ እየጠገንኩ ነው አንቺን ያስተማርኩሽ። ለአባትሽ ግን ራስሽ ንገሪው።

ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው።

አክስትሽ


መጋቢት 16

ለእቴቴ፣ ዕድሜዎ ከመንገዱ ይርዘም፤

ጫማው ከዚህ ጋር ነው። ግራጫ ነው፣ ሶሉ ወፍራም። ደብዳቤ አዳዩን ሰውዬ አማክሬ ነው የገዛሁት፤ ሱቅ ድረስ አብሮኝ ሄዶ ሦስት ጫማ በእጁ አጥፎ ሞከረ።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ስለ ቀሚስዎ የጻፉት ጋ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት፤ የመጋረጃው ብረት ጋ ስደርስ ደግሞ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። አጠገቤ የነበረው ሰው ቦታ ቀየረ።

ለአባዬ ነገርኩት። መጀመሪያ "ያን ሁሉ ትምህርት የተማርሽው ሽንት ቤት ልትቀጂ ነው?" አለኝ። በሳምንቱ ስደውል የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ቫይረስ በፍሳሽ እንዴት እንደሚገኝ እያስረዳ ነበር፣ ግማሹን ከራሱ ጨምሮ።

የሳሉ ቫይረስ በሁሉም ጠርሙስ ወርዷል። ይህንን ለከተማው ሰዎች ሳቀርብ ጋዎንዎን ለበስኩት። አለቃዬ ኪሱን አገላብጣ አይታ "ይህንን የሰፋው ማነው?" አለችኝ። አፌን ሞልቼ ነገርኳት።

ጩጬዎ


ሚያዝያ 14

ለጩጬዬ፤

እኔ የተመረቅኩትን ሁሉ አንቺም ተመረቂ፤ ዛሬ የሚበቃኝን ያህል ስላገኘሁ የቀረው ላንቺ ይሁን።

ጫማው ልክ ነው። ጠዋት በትምህርት ቤቱ አጥር፣ ማታ በገበያው በኩል እሄዳለሁ፤ ጥያቄሽን ስድስት ወር አስቆይቼ መለስኩልሽ። ስሰፋ ሰዓቱን ፈትቼ ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። አሁን በቀን አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው። ከአንደኝነት ወደ አርባ አንደኛ ወርጃለሁ፤ ከእኔ በታች ያሉትን አውቃቸዋለሁ፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ልኬታ ነበር። አልተቀመጥኩም። አራት መቶ ሃያ አንድ ሜትር። ባለ ሜትሯ ከኋላዬ ሰዓት ይዛ ስትከተል ጫማዋ ወልቆ ቀረ። የጥናቱ ውጤት ገና ነው፤ የሌሎቹ ሴቶች ተደምሮ ነው የሚታወቀው፣ በአንድ ሰው አይባልም ብላኛለች። በስብሰባው ላይ ባቀረበችው ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድ መስመር የእኔ ነው፤ "በእግር የሚረገጥ መኪና ላይ ለሚሠራ ሰው ቆጣሪው ቁርጭምጭሚት ላይ አይታሰር" ይላል። ወረቀቱን ጠይቄያት ከመኪናዬ በላይ ለጥፌዋለሁ።

ሐኪሙም የራጅ ፎቶዬን አየ፣ የደም ምርመራዬን አየ። "ምንም የለም፤ ከስድስት ወር በኋላ ይምጡ" አለኝ። ምንም የለም የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ከጥናቱ ሴቶች አሥራ አንዱ ያንን ነገር ስፊልን ብለው መጥተዋል። ሁሉንም ለክቼአለሁ። ስለዚህ ትራስ ላኪ፣ ስፖንጁ እንደ መጀመሪያው ወፈር ያለ። ለመቀመጫ አይደለም።

ባለ ሱቁ ዕቃ ሊያመጣ እየወጣ ነው፤ "ደብዳቤውን ይስጡኝ" ብሎ በሩ ላይ ቆሟል። አልሰጠውም።

አክስትሽ

(ከፖስታው ጀርባ፣ በእርሳስ)

ከደጄ እስከ ፖስታ ቤቱ መስኮት 1,846። ሁሉም የእግሬ ነው።